ሠላሳ አንድ ነጥብ አራት

ጠዋት ሥራ የምንጀምረው የመስታወት ስብርባሪ በመጥረግ ነው። መጀመሪያ መስታወት፣ ቀጥሎ ጫማ፣ መጨረሻ ላይ ጥርስ። ጥርስ ከተገኘ በፌስታል ተጠቅልሎ ለኬላው ኃላፊ ለወይዘሮ አሰገደች ይሰጣል፤ እሳቸው ቀኑን ይጽፉበትና መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል። እስካሁን ጥርሴን ብሎ የመጣ የለም። ለጫማ ግን ይመጣሉ። አንድ እግር ብቻ እንኳ ቢሆን ሰው ለጫማው ይመለሳል።

ኬላችን ሦስተኛው ኬላ ይባላል። ከጣርማበር ተወርዶ፣ ደብረ ሲና ታልፎ፣ የሸዋ ሮቢት ሙቀት ፊት ላይ መትፋት የሚጀምርበት ቦታ ነው። በቀኝ ገደል፣ በግራ ቋጥኝ። መኪና ሁሉ ቁልቁለቱን ሲወርድ ፍሬኑ ባትሪውን እየሞላ ስለሚመጣ፣ ባትሪ የሚግለው እኛ ጋ ሲደርስ ነው። ዋሻው ውስጥ የጋለ መኪና ተቃጥሎ ሰው ካለቀ በኋላ የወጣው ሕግ አጭር ነው፤ የጋለ መኪና ከተማ አይገባም። መኪናው ብረቱ መድረክ ላይ ይቆማል፣ በሩ ይቆለፋል፣ የባትሪው ስድስት የሙቀት ሴንሰሮች ሰሌዳው ላይ ይነበባሉ። አብዛኞቹ ከስድሳ በላይ ካሉ በሩ ለአርባ ሰከንድ ይከፈታል። ከዚያ ገፊው ከቋጥኙ ውስጥ ይወጣና መኪናውን ወደ ገደሉ ይሰደዋል። ሰው ወረደ አልወረደ ገፊውን አይመለከተውም። በቀን ሁለት መቶ መኪና እናያለን፤ ከዚያ ውስጥ በየሳምንቱ አንድ ሁለቱ ይገፋሉ። ክረምት ላይ ይጨምራል።

አብዛኞቹ ከስድሳ በታች ሆነው አንድ ሁለቱ ካልተስማሙ ደግሞ ለኪ ይጠራል። ለኪዋ እኔ ነኝ። እንጉዳይ እባላለሁ፣ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ትምህርት አራተኛ ክፍል ላይ ተለያይተናል፤ እኔም አልናፈቀኝም፣ እሱም አልፈለገኝም። ዋናው ለኪ የእናቴ ወንድም ጋሽ ባንተይርጋ ነው። ያሳደገኝ እሱ ነው፣ ያስተማረኝም እሱ ነው። ቀጭን ስለሆንኩ መኪና ሥር የምገባው እኔ ነኝ፣ ለዚህም ነው ሹፌሮቹ ሁሉ ፌንጣ የሚሉኝ።

ሥራው ከባድ አይደለም። የሚከብደው ሰው ነው። ሴንሰር ሽምብራ የምታክል ነገር ናት፣ ሁለት ሽቦ አላት። ስትሞቅ ኦሟ ይወርዳል፣ ስትቀዘቅዝ ይወጣል፣ በቃ። ሰሌዳው ከዜሮ በታች አርባ ካለ ሽቦዋ ተበጥሷል ማለት ነው። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ከዜሮ በታች አርባ! እኛ ብርድ የምንለው ላብ ሲደርቅ ነው። መቶ ሃምሳ ካለ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል፤ እውነት መቶ ሃምሳ ቢሆንማ ለመለካት አልደርስም ነበር። ጊዜ ካለ መኪናውን አሳድረን ፀሐይ ሳትወጣ እናነበዋለን፤ ያደረ መኪና ስድስቱም ሴንሰር ከአየሩ ጋር እኩል መናገር አለባቸው። ግን ጊዜ የለም። ስለዚህ አምስቱ አንድ ነገር ብለው አንዱ ሌላ ካለ፣ አንዱ ውሸታም ነው ይባላል። ሶኬቱ ዝጎ ወይም አይጥ ሽቦውን በልቶት ነው። እንነቅለዋለን፣ አዲስ እንተካለን፣ «ቀዝቃዛ!» እንላለን።

ቀዝቃዛ ያለ ለኪ መኪናው ላይ ይወጣል። እስከ አራተኛው ኬላ ዐሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር፣ ልክ ከባትሪው በላይ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሸኛል። ይህ በሕግ የለም፣ ሹፌሮችና ተሳፋሪዎች ያመጡት ልማድ ነው። እኔ እወደዋለሁ። ነፋሱ ነጻ ነው፣ ማስቲካ የሚሰጠኝም አይጠፋም።

ረቡዕ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄድ አውቶቡስ መድረኩ ላይ ወጣ። አርባ አራት ሰው ጭኗል። በሩ ተቆለፈ። ሰሌዳው አምስት ጊዜ 31.4 ጻፈ፣ ስድስተኛው ላይ 88 ጻፈ፣ ቢጫ መብራት በራ።

ሹፌሩ ሞላልኝ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። «ፌንጣ! አንዱ አብዷል፣ ንቀይልኝና እንሂድ።»

«አንተ ምን ታውቃለህ? ያበዱት አምስቱ ቢሆኑስ?» አልኩት።

«ይቺ ልጅ አፏ እኮ!»

«አፌ አሁን መኪና ሥር ሊገባ ነው፣ ተረጋጋ።»

ተሳፋሪዎቹ ሳቁ። አንድ ባለ ከረባት ሰውዬ «ሸኝታን ትሄዳለች አይደል? እኔ ጋ ትቀመጥ» አለ። ባለቤቱ በክርኗ ወጋችው። ስለ አምስቱ የተናገርኩት ለቀልድ ነበር፣ እውነቴን ነው። በጀርባዬ ተንሸራትቼ ገባሁ።

ከሥር ሆኜ ቀና ስል ነው ነገሩ ያልጣመኝ። የራሴን መለኪያ አየሁ፣ አየሩ ሠላሳ ስምንት ይላል። ከጣርማበር እስከዚህ ፍሬን ሲረግጥ የመጣ ባትሪ ከአየሩ ቀዝቅዞ ይገባል? ደግሞ አምስቱም እስከ ነጥቧ እኩል። ስድስት ዓመት ስለካ ሁለት ሴንሰር እስከ ነጥቧ እኩል ሲያወሩ ያየሁት ጠዋት ብቻ ነው። ከፊት ያለው ሁልጊዜ ነፋስ ያገኘዋል፣ ከኋላ ያለው ይግላል፣ መሀል ያለው ከሁሉም ይብሳል። ማሽኑ ግን ይህን አይጠይቅም። እኩል ከሆኑ ደስ ይለዋል።

የመጀመሪያውን ሶኬት ነቀልኩ። ከሶኬቱ ጀርባ ሽቦው ተቆርጧል። ሴንሰሯ መጨረሻ ላይ እንደተቆረጠ እትብት ተንጠልጥላለች፣ ከማንም ጋር አልተገናኘችም። በእሷ ፈንታ ሁለቱ ሽቦ ላይ አንዲት ሬዚስተር በስታኞ ተይዛለች። ሬዚስተር አትሞቅም አትቀዘቅዝም፤ የተነገራትን አንድ ቁጥር እስከ ዕለተ ሞቷ ትደግማለች። ይህን ሥራ ማስተኛት እንለዋለን። የሚሠራው ሰው አስተኚ ይባላል፣ አስተኚ ከተያዘ እዚያው ሁለት ክንዱ ይሰበራል። ይህም በሕግ የለም።

ሁለተኛውን አየሁ፣ ተኝቷል። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው። ሬዚስተሮቹ ሁሉ በቀይ ክር ተጠምጥመው ሰም ተቀብተዋል። ሌላው መካኒክ በፕላስተር ነው የሚያስረው፣ ፕላስተር ደግሞ በዚህ ሙቀት ቀልጦ ይላቀቃል። በዚህ መንገድ ላይ በክር የሚያስር አንድ ሰው ነው። እኔም ክር ማጠንጠን የተማርኩት ከእሱ ነው።

ጋሼ ከጎኔ ተንሸራትቶ ገባ። ሆዱ ቻንሲውን እየነካ ተኛ።

«አየሽው» አለ ቀስ ብሎ።

«አየሁት።»

«ስድስተኛውን ንቀይና እንውጣ።»

«ሰማንያ ስምንት እኮ ነው ጋሼ።»

«ሶኬቱ ይሆናል።»

«ሶኬቱን አየሁት፣ ከእኔ ጥርስ ይነጻል። ኦሙንም ለካሁት። ሴንሰሯ ደህና ናት።»

ከላያችን ልጅ ያለቅሳል፣ ሰው ወለሉን በእግሩ ይደበድባል።

«እታለም የተገፋች ቀን ሰሌዳው ስንት ይል ነበር?» አለኝ።

እታለም ሚስቱ ናት። አራቱ ሴንሰር መቶ ሃምሳ ነበር ያሉት። አውቶቡሱ ጠዋት በውኃ ታጥቦ ሶኬቶቹ ረጥበው ነበር። ማሽኑ አራት ለሁለት ፈረደ። እሷ ደግሞ እግሯን ያማታል፣ በአርባ ሰከንድ በሩ ጋ አልደረሰችም።

«ገደሉ ሥር ሦስት ቀን ተጋድሞ ነበር» አለ። «አልተቃጠለም። ወርጄ ባትሪውን በእጄ ነካሁት። ቀዝቃዛ! እንደ ድንጋይ። ይህ ኬላ ከቆመ እውነት የተቃጠለ ሁለት መኪና ነው፣ ሁለት! የተገፋውን ቁጠሪ።»

«መስታወቱን የምጠርገው እኔ ነኝ፣ ቆጥሬዋለሁ።»

«እንግዲያ! ገዳዩ ሴንሰሩ ነው። አስተኛሁት። ሰው ይተርፋል ብዬ ነው እንጂ...»

«ስድስተኛውን ለምን ተውከው?»

«ክንዴ አልገባም» አለ።

ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። እጁን ያዝኩና መዳፉን መሀለኛው ብረት ላይ አስቀመጥኩት። ወዲያው ሰበሰበው።

«ፀሐይ ነው» አለ።

«መኪና ሥር ፀሐይ?»

«ፌንጣ፣ ስሚ። እኔ ቀዝቃዛ እላለሁ። ራሴ እወጣበታለሁ፣ ራሴ እሸኘዋለሁ። አንቺ ዝም በይ። ክንዴን ታስሰብሪኛለሽ?»

ከውጭ ወያላው «ዘጠና አንድ ሆነ እኮ!» ብሎ ጮኸ።

ተንሸራትቼ ወጣሁ። እኔ ትኩስ ብል እሱ ቀዝቃዛ ይላል፣ እሱ ደግሞ ዋና ነው፣ ሰውም የሚያምነው የሚሳፈረውን ነው። ስለዚህ በቃል የሚሆን አልነበረም። ዘበኛው ጥላ ሥር ያስቀመጣትን ሃያ ሊትር ጄሪካን አነሳሁ።

«ሰሌዳውን እዩ!» አልኩ በተቻለኝ ጩኸት። «ሁላችሁም ሰሌዳውን እዩ!»

ተመልሼ ገባሁና የመጀመሪያውን ሴንሰር ቦታ አጠጣሁት። ከዚያ ሁለተኛውን፣ እስከ አምስተኛው። ውኃው አፌም ውስጥ ገባ። «ስንት ይላል?» ብዬ ጮኽኩ።

«ሠላሳ አንድ ነጥብ አራት!» አለ ወያላው። «ሁሉም!»

«ወረደ?»

«አልወረደም!»

የቀረውን ስድስተኛው ላይ ደፋሁት። ውኃው ብረቱ ላይ ሲያርፍ ሽሽሽ አለ። ወያላው መቁጠር ጀመረ፤ «ሰማንያ ሁለት... ሰባ አራት... ቆመ። ሰባ ዘጠኝ። ሰማንያ ስድስት። ኧረ ዘጠና ሦስት!»

ውኃ ሲፈስበት የማይሰማው ሴንሰር እንደሌለ ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ከዚያ ከላይ አንዲት ሴት «እሳት!» ብላ ጮኸች፣ አውቶቡሱም በአርባ አራት አፍ ጮኸ።

ሮጬ ምሰሶው ላይ ያለውን፣ ለኪ ትኩስ ሲል በሩን የሚከፍትበትን ቀይ ቁልፍ ተጫንኩ። ቁልፉን ተጭኖ የያዘው ሰው ከሌለ በሩ ይዘጋል፣ ገፊው ይመጣል። ለምን እንደዚያ ተደርጎ እንደተሠራ አልተነገረንም። ያዝኩት። ወይዘሮ አሰገደች የመስታወት ክፍላቸው ውስጥ ሆነው በድምፅ ማጉያው «አርባ» አሉ፣ «ሠላሳ ዘጠኝ» አሉ፣ ድምፃቸው ሎተሪ እንደሚያወጣ ሰው ነው።

በሩ አንድ ነው። ባለ ከረባቱ ሰውዬ መጀመሪያ ወጣ፣ ባለቤቱ አልተከተለችውም። ከኋላው ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ወጥተው አንዷ ወደቀች፣ ተረገጠች፣ እጇ ደረጃው ላይ እንዳለ ሰው ወረደባት። አንዱ መስኮቱን በብረት ሳጥን ሰብሮ ልጅ ወረወረ፤ ልጁን ዘበኛው ቀለበው። አንድ ወጣት በሩ ላይ የተኛውን ሽማግሌ ፊት በጫማው ሲገፋ አየሁት። በኋላ ሲያለቅስም ያየሁት እሱን ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ሰው ወረደ። አርባው ሰከንድ አለቀ፣ ገፊው ወጣ፣ አውቶቡሱ በጎኑ ሄደ። ገደሉ ሥር ሳይደርስ አየር ላይ ተቀጣጠለ። ነጭ ነበልባል ነው፣ ሲያዩት ዓይን ያማል። የቀሩት አምስቱ ሲጮኹ አልሰማሁም። ሰማን የሚሉ አሉ።

ስለዚህ ስድስተኛዋ እውነቷን ነበር።

«ማነው ያስተኛው?» አለ አንዱ።

ሞላልኝ በመስኮት ዘሎ ወርዶ ጉልበቱ ደምቶ መሬት ላይ ተቀምጧል። ያስተኛለትን ሰው ያወቀው ራሱ ለምኖ ስላሠራው ነው፤ ግን ጣቱን ቀድሞ የቀሰረም እሱ ነበር። «ባንተይርጋ ነው! እሱ ነው! እኔ ምን አውቄ!»

ጋሼ አልሮጠም። ዕቃውን መሬት ላይ አስቀምጦ ቆመ። ከአውቶቡሱ የወረዱትና ከኋላ ሰልፍ ላይ ከቆሙት መኪኖች የወጡት ከበቡት። የመጀመሪያው ድንጋይ ጆሮው ላይ አረፈ። ቀጥሎ አስተኙትና፣ እንደ ልማዱ፣ ቀኝ ክንዱን ድንጋይ ላይ አጋድመው በክሪክ ብረት መቱት። እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ አይደለም። የረጠበ ነው።

«አርባ አንድ!» አለ ጋሼ። «ስሙኝ! አርባ አንድ መኪና ነው! ሁሉንም አውቃለሁ፣ አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ...»

ያኔ ነው የገባኝ። ይህ መንገድ ላይ አርባ አንድ መኪና የተኛ ሴንሰር ይዞ ይሄዳል። ይሄኛው የተያዘው የጋሼ ክንድ ስድስተኛው ጋ ስላልገባ ነው። ሌሎቹ ስድስቱም ተኝተው ከሆነ ይስማማሉ፣ ከተስማሙ አረንጓዴ ይበራል፣ ለኪ አይጠራም። የትኞቹ እንደሆኑ ሁሉንም የሚያውቀው ደግሞ መሬት ላይ ያለው ሰውዬ ብቻ ነው።

ሉሌ የሚባል የሚኒባስ ሹፌር አለ። ልዑልሰገድ ነው ስሙ፣ ግን ሙሉውን የሚጠራው የለም። ከሰልፉ ውስጥ ጎማ መፍቻ ይዞ መጣ። ሰዎቹን ገፍቶ ገባና ጋሼን አፉ ላይ መታው።

«አፉን ተዉት!» ብዬ ጮኽኩ። «ክንዱን ስበሩ! አፉን ተዉት! ይናገራል እኮ! ይናገራል!»

እንደዚህ ብያለሁ። ያሳደገኝን ሰውዬ ክንዱን ስበሩ ብያለሁ። የሰማኝ ግን የለም። አንዲት ሴት ፀጉሬን ይዛ ወደ ኋላ ጣለችኝ፤ የአስተኚው ዘመድ ናት ብላ በጥፊ መታችኝ፣ ደገመችኝ። በእግሮች መሀል አየሁ። ሉሌ እንደገና አፉ ላይ መታው። ሦስተኛውንም እዚያው። ሌላው ሰው ሁሉ ያገኘበት ይመታል፤ ሆድ፣ ጉልበት፣ ጀርባ። ሉሌ ግን ከአፉ ሌላ ቦታ አልፈለገም።

ጋሼ ሊናገር ሞከረ። የወጣው አረፋ ነው። ከዚያ እሱም ቆመ።

ሰው መምታቱን ያቆመው ቀስ በቀስ ነው፤ ዝናብ ሲያባራ እንደሚሆነው፣ አንድ ሁለት ጠብታ ይቀራል። ወይዘሮ አሰገደች በድምፅ ማጉያው «ሰልፉ ይንቀሳቀስ» አሉ። ዘበኛው የጋሼን እግር ይዞ ወደ ጥላው ጎተተው። እጁን ያዝኩት፣ ገና ይሞቃል። የሥራዬ ልማድ ሆኖ መጀመሪያ ያሰብኩት ስንት ዲግሪ ይሆን የሚለውን ነው።

ሉሌ መፍቻውን በጋሼ ኮት ጠረገ፣ ወደ ሚኒባሱ ሄደ፣ ገባ፣ መድረኩ ላይ አወጣው። ዐሥራ አንድ ሰው ጭኗል። በሩ ተቆለፈ። ሰሌዳው ስድስት ጊዜ 31.4 ጻፈ። አረንጓዴ በራ።

ባዶዋን ጄሪካን ይዤ ወደ ውኃው ጋን ሄድኩ፣ ሞላሁ፣ መድረኩ ፊት ቆምኩ። አሁን ያለሁት ለኪ እኔ ብቻ ነኝ።

«ወግጂ» አለ ሉሌ። «አረንጓዴ ነው፣ አይታይሽም?»

«ያምራል። ላጠጣልህ።»

«የኔን መኪና አትነኪም!»

«ለምን? ውኃ እኮ ነው፣ አሲድ አይደለም። ቀዝቃዛ ከሆነ ምን ይሆናል?»

በመስኮቱ የነበረች አንዲት ተሳፋሪ «ታጠጣው፣ ምን ቸገረህ?» አለችው። እሱ ከመውረዱ በፊት ሥሩ ገብቼ ስድስቱም ላይ ደፋሁት፤ ከፊት እስከ ኋላ፣ ጄሪካኗ እስክትንጠፈጠፍ። ሰሌዳው ንቅንቅ አላለም። ሠላሳ አንድ ነጥብ አራት፣ ስድስት ጊዜ።

ስወጣ ሉሌ ከፊቴ ቆሟል። ሰው ዙሪያውን ቆሟል። ተሳፋሪዎቹ በሩን መደብደብ ጀምረዋል።

«ፌንጣ» አለ ቀስ ብሎ፣ «መኪናዬ አልጋለም። እምልልሻለሁ። ደህና ነው።»

ደህና ይሁን አይሁን እኔም አላወቅኩም። ውኃው ሽፋኑን አብርዶታል፣ የውስጡን በመዳፍ ማንም ሊያውቅ አይችልም። የሚናገሩት ስድስቱም ተኝተዋል። የሚያውቅልን ሰውዬ ደግሞ ጥላው ሥር ነው።

ቁልፉን ተጫንኩ።

«አርባ» አሉ ወይዘሮ አሰገደች።

በሩ ተከፈተ። ሉሌ ሁለት እርምጃ ሄዶ በመፍቻው እጄን መታኝ። ጣቶቼ እንደ ቀረፋ ሲሰበሩ አየሁ። መጀመሪያ አያምም፣ ይገርማል ብቻ። እጄ ወደቀ፣ በሩ መዘጋት ጀመረ፣ ክንዱ በሩ መሀል የቀረበት ሰውዬ ጮኸ። በትከሻዬ ቁልፉ ላይ ወደቅኩበት። በሩ ተከፈተ። ሉሌ ትከሻዬን መታኝ። ምሰሶውን በግራ እጄ አቅፌ ግንባሬን ቁልፉ ላይ አደረግኩ። ከዚያ በኋላ የት የት እንደመታኝ አላውቅም። የማውቀው መቁጠሬን ነው። አራት ወረደ። አምስት፣ ስድስት ወረደ። ሰባተኛዋ ነፍሰ ጡር ናት፣ ቀስ አለች። «ቶሎ በይ እንጂ፣ እዚህ ጭንቅላቴ እኮ ነው!» አልኩ፣ ወይም ያልኩ መስሎኛል። ስምንት። ወያላውና ዘበኛው ሉሌ ላይ ወጡበት። ዘጠኝ፣ ዐሥር፣ ዐሥራ አንድ። «ሁለት» አሉ ወይዘሮ አሰገደች፣ «አንድ» አሉ።

ለቀቅኩት። ገፊው ወጣ፣ ሚኒባሱ ሄደ። ድንጋይ መታ፣ ተገለበጠ፣ ከተቃጠለው አውቶቡስ አጠገብ በጣሪያው ተኛ። ጎማው ዞሮ ዞሮ ቆመ።

ሁሉም ገደሉ ጫፍ ላይ ሆኖ ይጠብቃል። አንድ ደቂቃ። አምስት ደቂቃ። ጭስ የለም።

«ቀዝቃዛ ነበር!» አለ ሉሌ። ዘበኛው ደረቱ ላይ ተቀምጦበታል፣ እሱ ግን ይስቃል፣ እንባውም ይወርዳል። «አያችሁ? ቀዝቃዛ ነበር! ቤቴን ነው የጣለችው! ደህና መኪና!»

ሰዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። ጋሼን ሲከቡት ያየሁት ፊት ነው። አንዱ ያንኑ የክሪክ ብረት ይዟል፣ አላስቀመጠውም ነበር። ምሰሶውን ተደግፌ ተቀምጫለሁ፣ አንድ ዓይኔ በደም ተዘግቷል፣ ቀኝ እጄ ጭኔ ላይ የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል ተቀምጧል።

«ተናገሪያ!» አለ ሉሌ። «ቀዝቃዛ አልነበረም?»

«ነበር» አልኩ። «አንተስ ታውቅ ነበር?»

ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ።

ባለ ብረቱ ሰውዬ ወደ እኔ ሁለት እርምጃ መጣ። ያኔ ከኋላው፣ ሽቅብ በተዘረጋው ሰልፍ ውስጥ፣ አንድ ነጭ ፒካፕ ቀስ ብሎ ከመስመሩ ወጥቶ ሲዞር አየሁ። ፍሬቻ የለም፣ ጥሩምባ የለም፣ ነገር የለም። ከእሱ በላይ አንድ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የኋላ ጎማውን ቦይ ውስጥ ከትቶ መሪ እያሽከረከረ ነው፤ ልጆቹ በመስኮት እጃቸውን ያወዛውዙልናል።

በግራ እጄ አሳየኋቸው። ሰውዬው ዞረ፣ ሌሎቹም ዞሩ። ከዚያ ከሉሌ፣ ከዘበኛውና ከወያላው በቀር ሁሉም ሽቅብ መሮጥ ጀመሩ፤ ባለ ብረቱ ቀድሟቸዋል።

«ሹፌሩን እንዳትነኩት!» ብዬ ጮኽኩ። «መጀመሪያ ልጆቹን አውርዱ! በሩን ክፈቱ! ሰማችሁ?» ድምፄ ምን ያህል እንደደረሰ እንጃ።

ወያላው ቆሞ ያየኛል። ጄሪካኗን በእግሬ ወደ እሱ ገፋኋት።

«ውኃ ሙላት» አልኩት። «ሂድ፣ ምን ትጠብቃለህ?»